ማስተካከያ፦ ሜታሊክ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግም

ባለፈው ሳምንት አንድ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር በሜታሊክ ሰማያዊ ስለማደስ ጽፌ ነበር። እዚያ ላይ "ሜታሊኩ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ከዚያ ክሊር እርጩበት" ብያለሁ (ክሊር ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ነው)። ስህተት ነው። ጽሑፉንም አርሜዋለሁ።

ሜታሊኩ ራሱ አይፈተግም። መጀመሪያ ክሊር ይረጭበታል፤ የሚለሰልሰው ክሊሩ ነው። ቀለሙ ውስጥ ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ተኝተዋል። ብርጭቆ ወረቀት ሲነካቸው አቀማመጣቸው ይዛባል፤ ብርሃኑን እኩል አይመልሱም። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ መኪና ቀቢ በቁራጭ ጣውላ ላይ አሳየኝ። የፈተገው ቦታ ጣት የሚያህል ጠቆር ያለ ጥላ ሠራ። ክሊር ሲረጭበት ጭራሽ ጎልቶ ወጣ። የቀለም አምራቾች መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። ነገሩ ድሮም የመኪና ሙያ ነው፤ የጊታር አምራቹ ፌንደር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጊታሮቹን የቀባበት ሜታሊክ ለመኪና የተሠራ ቀለም ነበር።

በእኔ ቃል ሄዳችሁ የፈተጋችሁ፣ ክሊር ካልረጫችሁ ቀላል ነው። አቧራውን ጥረጉና ሙሉውን አካል በስሱ ሜታሊክ ድገሙት። ቦታውን ብቻ መንካት አያዋጣም፤ ያስታውቃል። ክሊር ከረጫችሁ ግን ክሊሩን ፈትጋችሁ እንደገና ከሜታሊኩ መጀመር አለባችሁ። ለባከነው ቀለምና ጊዜ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሳልጽፈው የቀረ ሌላም አለ። የደሴ ጉም ሲወርድ ላከር የሚባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ ክሊር አትርጩ። እርጥበቱ ክሊሩን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁ።