ከዶሮ ቤቱ በላይ

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ፈረንጅ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ ለማወቅ ክፍል ገብቶ መታዘብ አያስፈልግም። ስንተኛ ወሩ እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል። በአንደኛው ወር ፎቶው ሕንጻው መግቢያ ላይ በባነር ተሰቅሎ ከሥሩ ካለው የዶሮ ጥብስ ቤት ማስታወቂያ ጋር ይፎካከራል። በአምስተኛው ወር «ደህና ነው፣ ጨዋታ ግን ያንሰዋል» ይባላል። በአስራ አንደኛው ወር ወላጆች ቅሬታ አቅርበውበታል። የትኞቹ ወላጆች ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ወላጆች ናቸዋ!

ጉዳዩ የጸባይ ሳይሆን የሂሳብ ነው። በኮሪያ ሕግ በሳምንት 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ እየሠራ ዓመት የደፈነ ሠራተኛ ሲለቅ ቢያንስ የ30 ቀን ደመወዝ የስንብት ክፍያ ያገኛል። የመምህሩ ኮንትራት ደግሞ 12 ወር ነው። ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የተሰናበተ ባዶ እጁን ይወጣል። ስለዚህ አስር ወር ሙሉ ተኝቶ የከረመ ክፉ አመል በአስራ አንደኛው ወር ብድግ ይላል። ፈረንጁ የሚያስተምርበት ማስጠኛ፣ በኮሪያ አፍ ሐግዎን፣ ሁሉም እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ ቆጥሮ የሚከፍል፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሚሸኝም ሞልቷል። ግን ስለ እሱ ማን ያወራል?

ሐግዎን ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚላኩበት የግል ማስጠኛ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ አሳንሰሩ ውስጥ በ4 ፈንታ «ኤፍ» የሚል ቁልፍ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አራት እና ሞት በኮሪያ አፍ በአንድ ድምጽ ስለሚጠሩ ነው። እዚያ ለማስተማር ኢ-2 የሚባል ቪዛ ያስፈልጋል። ለቪዛው ዲግሪ፣ ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰባት አገሮች የአንዱ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። ዲግሪው በምንም ይሁን በምን፣ ስለ ዓሣ ያጠናም ግሥ ማስተማር ይችላል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስ ሳይቀር በእንግሊዝኛ የተማረ አበሻ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቃኘው ሻለቃ በ1951 እ.ኤ.አ. እዚያ ድረስ ዘምቶ ያስመዘገበልን ውለታ ኢ-2 ድረስ አልዘለቀም።

ቪዛው የታሰረው ከአሠሪው ጋር ነው። ኮንትራቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ሐግዎን ለመዛወር የመጀመሪያው አሠሪ የመልቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ክሊራንስ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይሻም። ጸቡ ሁሉ የሚዞረው በዚህች አንድ ገጽ ላይ ነው። መምህሩ ደብዳቤውን ይፈልጋል፣ ዳይሬክተሯ ደግሞ ዝም እንዲልላት።

የደመወዝ ወረቀቱን እንይ። ወርሃዊ ክፍያ 2,300,000 ዎን፣ ተቀናሽ 75,900 ዎን፣ የጡረታው መስመር ባዶ። አዲሱ መምህር «ይህቺን ብቻ ነው የሚቆርጡት?» ብሎ ይፈነድቃል። ይህቺ 3.3 በመቶ ናት፤ በወረቀት ላይ ሠራተኛ ሳይሆን «ፍሪላንሰር»፣ ማለትም በግሉ የሚሠራ፣ ተደርጎ የተመዘገበ ሰው ግብር። በሥርዓቱ ቢመዘገብ እስከ 2025 በነበረው ሕግ ለጡረታ 4.5 በመቶ፣ ማለትም 103,500 ዎን ይቆረጥበት ነበር፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምርለታል። አሜሪካዊ፣ ካናዳዊ ወይም አውስትራሊያዊ ከሆነ አገር ሲለቅ ሁለቱንም ድርሻ ይወስዳል። ፍሪላንሰሩ ግን በወር 27,600 ዎን አተረፍኩ ብሎ በሁለት መቶ ሺህ ይከስራል። የስንብት ክፍያም ሲጠይቅ «አንተ እኮ የራስህ አለቃ ነህ» ይባላል። ከጠዋት እስከ ማታ ሰዓት ፊርማ ላይ የሚቆም አለቃ!

የቆጠራም ጥበብ አለ። ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበትን የሚከለክለው ሕግ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ይመለከታል። ወላጅ ሲጎበኝ «ስምንት መምህራን አሉን» የተባለበት ሐግዎን፣ ጠያቂው ከሠራተኛ ቢሮ የመጣ እንደሆነ በድንገት አራት ሰው ብቻ ይቀረዋል። የቀሩት ፍሪላንሰሮች ናቸው።

በዚህ የተንገሸገሸ መምህር ሁለት መንገድ አለው። አንዱ አቤቱታ ማስገባት ነው፤ የለቀቀ ሰው ያልተከፈለው ሁሉ በ14 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ ቢሮውም አሠሪውን ይጠራል። ሁለተኛው የሌሊቱ ሽሽት ነው። ደመወዝ ወሩ በገባ በ10ኛው ቀን ከተከፈለ በዚያኑ ዕለት ማታ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ይላካል፣ ሻንጣ ይታሰራል፣ የመኖሪያ መታወቂያው ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ይመለሳል። በማግስቱ ሃያ ሕጻናት ባዶ ወንበር ይጠብቃሉ። ሸሺው ሄዷል፤ አብረውት ይሠሩ የነበሩት የእሱን ክፍለ ጊዜ እየተከፋፈሉ ስሙን ሲያነሱ ይውላሉ።

የተበደለው ለምን በይፋ አይናገርም? በኮሪያ የወንጀል ሕግ እውነት መናገርም ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል፤ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 5 ሚሊዮን ዎን መቀጮ። ለማዋረድ ታስቦ በኢንተርኔት ከተጻፈ እስከ 3 ዓመት ወይም 30 ሚሊዮን። ለሕዝብ ጥቅም ብዬ ነው ማለት ይቻላል፣ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ። ስለዚህ ሰምና ወርቅ የማያውቁ ፈረንጆች ተገደው ቅኔ ቤት ገቡ፦ «ከባቡሩ ሦስተኛ መውጫ በስተግራ፣ ከዶሮው በላይ፣ ስሟን የማልጠራት ባለ መነጽር ሴትዮ ያለችበት፣ ጥንቃቄ!» ችግሩ እያንዳንዱ ሠፈር መውጫ፣ ዶሮና ባለ መነጽር ሴትዮ አለው። የአንዱን ስም ሊጠብቅ የወጣ ሕግ የአስራ አምስቱን አስጠረጠረ።

ከሁሉ የሚከፉት ግን ነባሮቹ ናቸው። አስር ዓመት የቆየ መምህር የአዲሱን ብሶት ሰምቶ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ኮንትራቱን አላነበብክም?» እሱም በጊዜው አላነበበውም። ለአዲሱ የሚጠቅመው ምክር ሌላ ነበር። ዳይሬክተሯ «አሁን ያለውን መምህር ጠይቅ» ብላ ስልክ ስትሰጥህ፣ እሱ እሷ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚመልስልህና የለቀቀውን አምጪልኝ በላት። ባለፉት 12 ወራት ስንት ፈረንጅ እንዳለፈም ጠይቅ። ሦስት ካለች ተገላገልክ።

አይጠይቅም። ሻንጣውን እየጎተተ ይደርሳል። ዳይሬክተሯ በሁለት እጇ ቡና ታቀርብለትና «የበፊቱ መምህር ጥሩ ሰው አልነበረም» ትለዋለች። ታች፣ ከዶሮ ቤቱ በላይ፣ አንድ ሰውዬ መሰላል ላይ ወጥቶ ባነር ይቀይራል።