ገንዘቡ የጠበቃው አልነበረም

በ«ዘ ቨርዲክት» ፊልም ጠበቃው ፍራንክ ጋልቪን ክሱን በስምምነት ለመጨረስ የቀረበለትን 210,000 ዶላር አልቀበልም ብሎ ከጳጳሱ ቢሮ የወጣበት ትዕይንት «የጥብቅና ሙያ የክብር ጫፍ ነው፤ የሕግ ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ሊያየው ይገባል» ተባለ። ይህን ያለው ሰሞኑን በአንድ የፊልም ውይይት ላይ የቀረበ ተናጋሪ ነው፤ አወያዩም ተቀብሎ አራገበው። ተማሪው ይየው፣ እስማማለሁ። በክብር ምሳሌነት ግን አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር አንድ ጠበቃ የራሱን ሕሊና በሰው ገንዘብ መግዛቱ ነው።

«ዘ ቨርዲክት» ትልቅ ፊልም ነው። ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1982 አዘጋጀው፤ ዴቪድ ማሜት ከባሪ ሪድ ልቦለድ ተነስቶ ጻፈው፤ ሰካራሙን ጋልቪንን ሆኖ የተጫወተው ፖል ኒውማንም ከዚያ በፊት ያላሳየውን ብቃት አሳየበት። በ5 ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ ባዶ እጁን መመለሱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ጠቤ ከፊልሙ ጋር አይደለም። ፊልሙ ፊት ለፊት ያስቀመጠውን ነገር ዘለው ከሚያሞግሱት ጋር ነው።

ተናጋሪው ከሰነዘራቸው ሁሉ የባሰው «እምቢ ያለው ለደንበኛው ሲል ነው» የሚለው ነው። ለየትኛዋ ደንበኛ? ዲቦራ አን ኬይ ቦስተን ውስጥ ለመውለድ ካቶሊክ ሆስፒታል ገብታ፣ ሰመመን ተሰጥቷት፣ በዚያው ሳትነቃ የቀረች ሴት ናት። አትናገርም፣ አትወስንም። ክሱን ይዘው የመጡት እህቷና የእህቷ ባል ናቸው። የሚፈልጉትም የተሰወረ አልነበረም፦ እሷን ለዘለቄታው የሚያስታምም ቦታ ከፍለው ማስገባትና የራሳቸውን ኑሮ መቀጠል። ጋልቪን ይህን ከራሳቸው አንደበት ሰምቷል። ጳጳሱ ሆስፒታሉን ወክሎ ቼኩን ሲያቀርብለት ግን የተናገረው ስለ እነሱ አልነበረም፤ ገንዘቡን ከተቀበልኩ እኔ ጠፋሁ ነው ያለው። እኔ! አንድ ሰው ከጥፋት ለመዳን መፈለጉን አልነቅፍም። የመዳኛውን ሂሳብ የሚከፍለው ግን ሌላ ቤተሰብ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

ቁጥሩን እንየው። በውጤት ላይ በተመሠረተ ክፍያ፣ ማለትም ጠበቃው ገንዘብ ካስገኘ ብቻ በሚከፈለው፣ የጠበቃው ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ሲሶ ነው፤ 210,000 ለ3 ሲካፈል 70,000 ይመጣል። ጋልቪን ራሱ ገንዘቡ ለ3 እኩል መካፈሉን ሳይቀር ለጳጳሱ ጠቅሶለታል፤ ሒሳቡን አውቆታል ማለት ነው። ለቤተሰቡ 140,000 ይቀራል፤ ከዚያም ላይ ወጪ ይነሳል። በሌላ በኩል ጁሪው፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ተከሳሾቹን ነጻ ቢያወጣ ቤተሰቡ የሚያገኘው ዜሮ ነው። ጋልቪን ቢሸነፍ ድካሙንና ክፍያውን ያጣል፤ እነሱ ቢሸነፉ እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ የሚከፈለውን የማስታመሚያ ገንዘብ ያጣሉ። ኪሳራው እንዲህ የሚበላለጥ ከሆነ ውሳኔው የብዙ ከሳሪው ነው። ይህን ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም።

ሕጉ ደግሞ ይህንኑ ይላል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ፊልሙ በወጣ ማግስት እ.ኤ.አ. በ1983 ያጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 1.2 በስምምነት ለመጨረስና ላለመጨረስ የሚወስነው ደንበኛው መሆኑን ይደነግጋል። ከዚያ በፊት በነበረው የእ.ኤ.አ. 1969 ደንብም ቢሆን የስምምነት ሐሳብን የሚቀበለው ወይም የማይቀበለው ባለጉዳዩ ነበር። ወደ አገራችን ስንመጣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ወኪል ያለ ልዩ ውክልና መታረቅ እንደማይችል ይናገራል። እያንዳንዱ የውክልና ሰነድ ላይ «ለመታረቅ» የሚለው ሥልጣን ለብቻው የሚጻፈው ለዚህ ነው። መታረቅ የባለጉዳዩ ከሆነ አለመታረቅም የባለጉዳዩ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልጻፈው፣ ምክንያቱም ተናጋሪው የሚያውቀው አልመሰለኝም። የስምምነት ሐሳብ ሲቀርብ ጠበቃ ምላሽ አይሰጥም። መጠኑን፣ የጊዜ ገደቡንና የታሰረበትን ሁኔታ ይመዘግባል፤ በተለይ ስምምነቱ ምስጢር ይሁን የሚል አንቀጽ ካለ። በዚያው ቀን ለደንበኛው ይደውላል፣ ከዚያም በጽሑፍ ያረጋግጣል። ደብዳቤው ላይ ደንበኛው እጁ የሚገባው የተጣራ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይቀመጣል፤ ወጪው ከጠበቃው ሲሶ በፊት ይቀነስ ወይስ በኋላ የሚለው በሺዎች የሚቆጠር ልዩነት ስለሚያመጣ እሱም ይገለጻል። ቀጥሎ ማስረጃው ይመዘናል። በሕክምና ጥፋት ክስ የባለሙያ ምስክር ከሌለ ጉዳዩ ጁሪው ፊት ሳይደርስ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ባለሙያው ማን ነው፣ ቢቀር ማን ይተካዋል ተብሎ ይጻፋል። ቢረታ እንኳ ዳኛው ካሳውን ሊቀንስ ወይም አዲስ ችሎት ሊያዝ እንደሚችል፣ ይግባኝም ዓመታት ሊፈጅ እንደሚችል ይነገረዋል። ጠበቃው የራሱን ምክር በመጨረሻ ያስቀምጣል። ደንበኛው ያስብበታል፤ መልሱን ፈርሞ ይሰጣል። እምቢ በሉ ብሎ መምከር ይቻላል፣ አጥብቆ መምከርም ይቻላል። እነሱ ሳይሰሙ እምቢ ማለት ግን ጥብቅና አይደለም፣ ንጥቂያ ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ፊልሙ ራሱ ይለዋል። የእህትየው ባል ገንዘቡ ቀርቦ እንደነበር ከሌላ ሰው ሰምቶ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ጋልቪንን ሲይዘው ቁጣው ባዶ ጩኸት አይደለም። ሐኪሞቹም እናንተም አንድ ናችሁ፤ ይህን እናደርግላችኋለን ትላላችሁ፣ ስታበላሹት የቻልነውን አድርገናል ብላችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ፣ ከስህተታችሁ ጋር ዕድሜያችንን የምንኖረው ግን እኛ ነን ይለዋል። ከፊልሙ ንግግሮች ሁሉ እውነቱ ይህ ነው። ጋልቪን በቂ መልስ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም። የዚያን ቀን ተናጋሪ ግን ይህን ትዕይንት በአንድ ቃል እንኳ አላነሳውም።

«አሸነፈ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። በምን አሸነፈ? ቀጥሮት የነበረው ስመ ጥር ሐኪም ችሎቱ ሳይጀመር ጠፋ። በምትኩ የመጣው አዛውንት የሰመመን ስፔሻሊስት አልነበረም፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ተዳከመ፣ ዳኛው ራሱ ጣልቃ ገብቶ እየጠየቀ ጨረሰው። ጉዳዩን ያዳነችው የመግቢያ ቅጹን የሞላችው ነርስ ናት። ታካሚዋ ከበላች 1 ሰዓት ብቻ እንዳለፋት ጽፋ ነበር፤ ተከሳሹ ሐኪም 1ን ወደ 9 እንድትቀይረው አዘዛት። ያቺ አንዲት አኃዝ ምን እንደምትሸፍን የሰመመን ባለሙያ ሁሉ ያውቃል፦ ምግብ ያለበት ሆድ ሰመመን ሲሰጠው የሚያስመልሰው ነገር ወደ ሳንባ ይገባል፣ ኦክስጅን ይቋረጣል፣ አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ለዚህ ነው ከቀላል ምግብ በኋላ 6 ሰዓት፣ ከከባድ ምግብ በኋላ 8 ሰዓት የሚጠበቀው፤ አስቸኳይ ከሆነም ሆዱ ሙሉ ነው ተብሎ በልዩ ጥንቃቄ የሚሠራው። ነርሷ የቅጹን ቅጂ ደብቃ አቆይታለች። ጋልቪን ግን ጳጳሱን እምቢ ሲል ይህች ሴት መኖሯን እንኳ አያውቅም ነበር። ኋላም ያገኛት የሌላ ነርስ ፖስታ ሣጥን ሰብሮ የስልክ ሒሳብ በመውሰድ ነው፤ ይህም ወንጀል ነው። በዚያም ላይ ዳኛው ቅጂውን ከማስረጃነት አስወጥቶ ጁሪው የነርሷን ቃል እንዲረሳ አዟል። የተፈረደው ተረሳ በተባለ ማስረጃ ነው፤ ተከሳሾቹ በማግስቱ አዲስ ችሎት ለመጠየቅ ከበቂ በላይ ምክንያት ነበራቸው። ጭፍን ዕድልን አርቆ ማየት እያሉ ተማሪን ማስተማር አደገኛ ነው።

አንድ ነገር አምንላቸዋለሁ። ጋልቪን ሆስፒታሉ ውስጥ ዲቦራን ፎቶውን ወዲያው በሚያወጣ የፖላሮይድ ካሜራ ሲያነሳት፣ ፎቶዎቹ አንሶላው ላይ ቀስ እያሉ ሲወጡና እሱ ካሜራውን አውርዶ ሲያያት፣ ያ ሰው በእርግጥ ተለውጧል። የሄደው የካሳውን ዋጋ ለማስወደድ ነበር፤ ሰው አየ። ለውጡ እውነተኛ ነው። ይሁንና የተለወጠ ጠበቃ የሚቀጥለው ሥራው ለእህትየው ስልክ መደወል ነበር፤ አልደወለም። ፍቅረኛው በተቃራኒው ጠበቃ ተከፍሏት ስትሰልለው መክረሟ ሲታወቅና ጓደኛው ሚኪ ችሎቱን ማስፈረስ እንደሚቻል ሲነግረው እንኳ፣ እንቀጥላለን ብሎ የወሰነው እንደገና ብቻውን ነው። የሰው መብት እጁ ሲገባ የራሱ መስሎት የሚያዝበት ልማድ አልለቀቀውም። መጠጡ ሊተወው ይችላል፤ ይህ ግን አብሮት ችሎት ገብቷል።

ስለዚህ ፊልሙን ለሕግ ተማሪዎች የሚያሳይ መምህር የእህትየው ባል የጮኸበት ትዕይንት ላይ ያቁመው። መብራቱን አብርቶ ባዶ ወረቀት ያድል፤ ጋልቪን ከጳጳሱ ቢሮ በወጣ በዚያው ቀን ለቤተሰቡ መጻፍ የነበረበትን ደብዳቤ ያስጽፋቸው፤ 210,000ውን፣ ሲሶውን፣ ወጪውን፣ የጎደለውን ምስክር፣ የመሸነፍ አደጋውንና የፊርማ ቦታውን ጨምረው። የቀረውን ፊልም ከዚያ በኋላ ይዩት።