መቆንጠጫ ያለው ሁሉ የሰብል ጠላት አይደለም
ስለ ማዳጋስካር ጅራተ መቆንጠጫዎች (ጅራታቸው ጫፍ ላይ መቆንጠጫ ያላቸው ነፍሳት) የወጣው ጽሑፍ ሁሉንም በጅምላ «የሰብል ጠላት» ማለቱ ስህተት ነው፤ ከጽሑፉ ሥር «እኛም ማሽላ ላይ አይተን ልንረጭ ነው» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው የቆቦው ወንድሜም አትቸኩል። አበባና ለጋ ቅጠል የሚቆረጥሙ ዝርያዎች አሉ፤ ሌሎች ግን የአገዳ ቆርቁርን (አገዳ ሰርስሮ የሚገባውን ትል) እና የመጤ ተምችን እንቁላልና ጨቅላ ትል ይለቅማሉ። ገና ያልተዘረጋውን የመሃል ቅጠል በጣትህ ፈልቅቀህ እይ፦ ቅጠሉ ላይ በረድፍ የተደረደረ ቀዳዳና የመጋዝ ብናኝ የመሰለ እርጥብ ዓይነ ምድር ካለ ጥፋተኛው ትሉ ነው። ባለመቆንጠጫው የሚያድነው ሌሊት ነው፤ ቀን እርጥበቱን ፈልጎ እዚያው መሃል ቅጠሉ ውስጥ ይሸሸጋል። እናቲቱማ አፈር ውስጥ እንቁላሏን እየላሰች ከሻጋታ ትጠብቃለች፣ እስኪፈለፈል አትለይም። ብትረጭ የምትጨርሰው እነዚህን ነው፤ አገዳው ውስጥ የገባውን ትል መድኃኒቱ አያገኘውም።