ውዳሴ ለጽዳት ዘመቻ

በጎጃም ምድር ካሉት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአንዱ፣ የተማሪዎች የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በየዓመቱ የሚያካሂደውን የጽዳት ዘመቻ ያላየ ሰው፣ ቆሻሻ ምን ያህል ሊከበር እንደሚችል አያውቅም። በሌላው ቀን ሁሉ የሚረገጠው ፌስታል በዚያ ቅዳሜ ማለዳ በአንድ የክብር እንግዳ ሁለት ጣቶች ተይዞ፣ ካሜራው እስኪስተካከል ድረስ ከመሬት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ፎቶ አንሺው አልተመቸኝም ካለም ወደ ቦታው ይመለስና እንደ አዲስ ይነሣል። ሌሎች አገሮች አንዱን ቆሻሻ አንድ ጊዜ ብቻ እያነሡ ስንት ክብር አባክነዋል!

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የክበቡ አርቆ አስተዋይነት ነው። ቆሻሻ አልቆ ዘማቹ ሥራ እንዳይፈታ በመስጋት፣ ዘመቻው የራሱን ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። «ፕላስቲክን እንቀንስ» የሚለው መፈክር የሚታተመው በፕላስቲክ ባነር ላይ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ስለሚጻፍበትም ለከርሞ አያገለግልም። ለእያንዳንዱ ዘማች የታሸገ ውሃ፣ በስስ ላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦና ከሰዓት በኋላ የሚጣል ጓንት ይታደላል። እኩለ ቀን ላይ በግቢው የሚታየው ክምር የጠዋቱን ያስንቃል፤ ለከርሞው ዘመቻ እርሾ መተው ማለት ይህ ነው።

የተለቀመው ከግቢው ጀርባ ተከምሮ ይለኮሳል። ፕላስቲክ በሜዳ ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲንን የመሰሉ መርዞችን ሊለቅ እንደሚችል በትምህርት ክፍል ይነገራል፤ ትምህርቱ ሰኞ፣ ዘመቻው ቅዳሜ ስለሆነ ግን ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ከእሳት የተረፈውን ክረምት ይረከበዋል። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉት ጠርሙስ ሳይኖር ነበር፤ ዛሬ ጉባ ላይ ማደሪያ ተሠርቶለታል፣ የጎጃም ወንዞችም ዞሮ ዞሮ ወደ እርሱ ስለሚገቡ ስንቁን ከእኛ ይዞ መሄድ ይችላል።

በሕግ በኩልም ጉድለት የለብንም። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ለመከልከል አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን የተወለዱት ልጆች ዛሬ ግቢ ገብተዋል፤ አዋጁም፣ ፌስታሉም፣ እነርሱም ሳይተዋወቁ አብረው አድገዋል።

ከአጥሩ ማዶ ያለው የቆሎ ተማሪ ኋላ ቀርነት ግን ልብ ይሰብራል። ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ያፈሩት ይህ ሰው የለመነውን ቁራሽ በአኩፋዳ ይዞ ይመለሳል፤ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል፤ ውሃ በቅል ይጠጣል፤ ደበሎውንም እስኪያልቅ ድረስ ይለብሰዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖር አንድም ቲሸርት አላሳተመም፣ አንድም ሰርተፍኬት አልወሰደም። የሚጥለው ነገር ስለሌለውም ቆሻሻን ምን ያህል እንደቀነሰ የሚያሳይ ሪፖርት ማቅረብ አልቻለም። (ቅኔ ቢቀኝብን ግን ሰሙን እንኳ የምንሰማ አይመስለኝም።)

በእርግጥ በክበቡ ውስጥም ጥቂት አስቸጋሪዎች አልጠፉም። እነዚህ ልጆች በየቀኑ ከካፌው የሚደፋውን እንጀራና ወጥ እያዩ፣ በር ላይ ሁለት በርሜሎች ይቀመጡልን፣ ትርፍራፊው ለብቻ ተለይቶ ለከብት አድላቢዎችና ለብስባሽ ማዳበሪያ ይዋል፣ ፕላስቲኩም ሳይቆሽሽ ለሚሰበስቡት ይሰጥ ብለው አመለከቱ። እንዲህ ያለው ሥራ በየቀኑ የሚደገም በመሆኑ ለመክፈቻም ለመዝጊያም ሥነ ሥርዓት አይመችም፤ ሆኖም የክበቡ አመራር ሆደ ሰፊ ስለሆነ ኮሚቴ አቋቋመለት። ኮሚቴውም በርሜሎቹን አስገዝቶ መጋዘን አስገብቷቸዋል። መርቆ የሚከፍታቸው እንግዳ ቀን እስኪቆርጥ እዚያው ይቆያሉ፤ ለምርቃቱ የሚሆነው የታሸገ ውሃ ግን ከወዲሁ ታዝዟል።