ከላይ የሚጠጣው ጅብ

ጥምቀትን ላከብር ከአሜሪካዋ ሚኒሶታ ጎንደር በገባሁ በሦስተኛው ቀን ቀሃ ዳር ባጃጅ ሲታጠብ አየሁ። ልጁ ግሪስ የጠጣውን ጨርቅ ውሃው ውስጥ ጨመቀው፤ ዘይቱ ቀስተ ደመና መስሎ ተዘርግቶ ቁልቁል ወረደ። የአፄ ፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከዚሁ ወንዝ ነው። ቀሃ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ጣና።

ደምቢያ ያሉት አጎቴ ሽንኩርታቸውን የሚያጠጡት ከመገጭ በሞተር እየሳቡ ነው። «እናንተ አገርስ ወንዝ እንዲህ ይደረጋል?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። በሰሜን ሚኒሶታ፣ ከሴንት ሉዊስ ወንዝ በላይ፣ ፖሊሜት የሚባል ኩባንያ መዳብና ኒኬል ሊያወጣ ዓመታት ደክሟል። መዳቡ ያለው ድኝ ባዘለ ዐለት ውስጥ ነው፤ ዐለቱ ተፈጭቶ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይወልዳል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ግን ፎን ዱ ላክ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። ሐይቅ ውስጥ የሚበቅለውን የዱር ሩዝ በታንኳ እየሄዱ፣ በዱላ እየመቱ ያረግፋሉ። ከዚያ ድኝ የሚመጣው ሰልፌት የሚባል ጨው የበዛበት ውሃ ደግሞ ያን ሩዝ ያጠፋዋል። እነሱም የራሳቸውን የውሃ ጥራት መስፈርት ይዘው ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ለማዕድኑ ሥራ ረግረጉን በአፈር ለመሙላት ለኩባንያው ሰጥቶት የነበረውን ፈቃድ ሰረዘ።

አጎቴ ሞተራቸውን መጠጋገን ትተው ቀና አሉ። «ከታች ያለው ሰው ከልክሎ?»

«አዎ። ገና አንድ ድንጋይ ሳይወጣ።»

ሳቁ። «እኛ ዘንድ'ኮ ከላይ የሚጠጣው ጅብ ነው፣ ከታች ያለችውን አህያ ውሃውን አደፈረስሽብኝ የሚላት። ‹አያ ጅቦ፣ ሳታማኻኝ ብላኝ› ያለችው ወዳ ነው?»

አሜሪካንን ላሳምርላቸው አልፈለግሁም። ሚኒሶታ የዱር ሩዝ ባለበት ውሃ ሰልፌት በሊትር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ የብረት ማዕድኖቹ ላይ ግን ለአሥርት ዓመታት እምብዛም አላስከበረችውም። ማዕድን ሰፈር ያለው ሠራተኛም «ልጆቼን በምን ላሳድግ?» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም። የቀሃው ባለ ባጃጅም ብጠይቀው ይህንኑ ይለኝ ነበር።

አልጠየቅሁትም። ከላዩ ቆሜ ፎቶ አነሣሁት እንጂ። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ምንም አላሉም፤ የሞተሩን ገመድ ሳቡ፣ ቱቦው ሁለቴ አስሎ መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃ ተፋ።