ካካፖን ፎቶ ለማንሳት፦ ይገባ ወይስ ይቅር?

ካካፖ የኒውዚላንድ በቀቀን ነው። አይበርም፤ የሚንቀሳቀሰውም በሌሊት ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ድመትና አይጥ በተጠረገባቸው፣ ያለ ፈቃድ በማይረገጡ ደሴቶች ላይ ነው። ፎቶ አንሺዎች ይግቡ ወይስ አይግቡ? ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተውበታል።

ይግቡ፦ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀሩት 51 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ200 በላይ ናቸው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ላላየው ነገር ኪሱን አይፈታም። በ2009 ሲሮኮ የተባለ ወንድ ካካፖ አንድ ተመራማሪ አንገት ላይ ወጥቶ፣ እንደ ሴት ካካፖ ቆጥሮት ሲታገል ተቀረጸ። ቪዲዮውን ዓለም አየው። ካካፖን ያወቅነው ስንቶቻችን ከዚያ ወዲህ ነን? በዓመት ሁለት ሰው፣ ከጠባቂ ጋር፣ በደብዛዛ ቀይ መብራት ቢገባ ምን ይጎዳል?

አይግቡ፦ ወንድሜ፣ ያ ቪዲዮ እኔንም አስቆኛል። ግን ሲሮኮ ጫጩት ሳለ ታሞ በሰው እጅ ስላደገ ነው ሰውን ሴት ካካፖ ያደረገው። የሳቅነው በዚያ ነው።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ካካፖ ሲደነግጥ አይሸሽም፤ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ድሮ ከሰማይ በዓይኑ ከሚያድን አሞራ የሚያመልጥበት ዘዴ ነበር። ለፎቶ አንሺ ግን ሠርግና ምላሽ ነው! “ተረጋጋልኝ” እያለ ደጋግሞ ያነሳዋል። ወፉ የቆመው እኮ ፈርቶ ነው።

ደግሞ በየዓመቱ አይዋለዱም። ሪሙ የተባለው ዛፍ በደንብ ሲያፈራ ብቻ፣ በየሁለት እስከ አራት ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ወንዱ መሬት ቆፍሮ ጎድጓዳ ያበጃል። እዚያ ቁጭ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ “ቡም… ቡም” ሲል ያድራል። ድምፁ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይሰማል። አንተ መግባት የምትፈልገው ያን ሰሞን ነው፤ አይደል?

ይግቡ፦ አልዋሽሽም፣ ያን ሰሞን ነው። ግን ጠባቂዎቹስ አይገቡም? ይመዝኑታል፣ ጀርባው ላይ ያለውን የመከታተያ ሬዲዮ ይቀይሩለታል።

አይግቡ፦ ለሕይወቱ ብለው ነዋ! በ2019 የሻጋታ በሽታ ሳንባቸውን ሲይዝ በሄሊኮፕተር እያወጡ ያሳከሟቸው እነሱ ናቸው። ጎጆ ላይም ካሜራ ተክለዋል። ምስል ከሆነ እሱ አለልህ።

ይግቡ፦ የጎጆው ካሜራ በጨለማ የሚያነሳው ጥቁርና ነጭ ነው እኮ! ያ ቢጫና ጥቁር ጣል ጣል ያለበት አረንጓዴ፣ ያ ጉጉት የመሰለ ፊት ከነጢሙ የታለ? እሺ፣ እኔ ልቅር። ካሜራዬን ልላክላቸው፤ ሬዲዮውን ሲቀይሩ አንድ ያንሱልኝ።

አይግቡ፦ እሱስ ይሁን። ግን መጀመሪያ ቦርሳው ተራግፎ ይጽዳ፤ አንድ ዘር እንኳ ተሸሽጎ እንዳይገባ። ፍላሹንም ቤትህ አስቀረው።