ሲስተም የለም

ድሬ ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሙቀቱን አውቀዋለሁ፣ አልከበደኝም። የከበደኝ «ሲስተም የለም» የሚሉት ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ለእናቴ ኢንሱሊን ልገዛ ከዚራ ሰፈር ወዳለ ፋርማሲ ሄድኩ። በስልክ ልከፍል ብል እምቢ አለ። ልጅቷ ከፍሪጅ ያወጣችውን ኢንሱሊን መልሳ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። ባንክ ሮጥኩ። ዘበኛው ገና በሩ ላይ «ሲስተም የለም» አለኝ። መቼ ይመጣል? «አይታወቅም።» ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፣ አንድ የሚቆጣ እንኳን የለም። ለምደውታል። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

እኔ አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ የተበላሸ አፕዴት ለቀቀና 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተዘጉ። ጠላፊ የለበት፣ ጦርነት የለበት፣ የጠባቂው የራሱ ስህተት! በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች የ911 የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ሳይቀር ተስተጓጎለ። ህንድ ውስጥ የመሳፈሪያ ወረቀት በእጅ እየተጻፈ ሰው ተሳፈረ።

ፈረንጅ አገርም ይወድቃል ማለት ነው። ግን እኔ የምሠራበት ክፍል ጥግ ላይ አንድ ሳጥን አለ። ባዶ የመድኃኒት ቅጽ፣ እስክሪብቶ፣ ስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት አለበት። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሥራ በወረቀት ይቀጥላል። ለዚያም እንለማመዳለን።

የኛ ሳጥን የታለ? ነዳጅ እንኳን የሚቀዳው በስልክ ተከፍሎ ነው። መታወቂያውም ወደ ፋይዳ እየገባ ነው። እኔ ዲጂታሉን አልጠላም፣ ወረፋ ቀንሶልናል። ግን በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን እኛ ነን። ያ ሌሊት ዛሬ ቢደገምና ኔትወርክ ባይኖር ማን ማንን ይቀሰቅሳል? አምቡላንሱ ነዳጅ በምን ይቀዳል? አገር የሚጠበቀው በጠመንጃ ብቻ ነው እንዴ? የከተማው ኃላፊዎች ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ቁጭ ብለው እንዲመልሱት እለምናለሁ፣ እናቴ እዚህ ናት።

ኢንሱሊኑን የገዛሁት ከፊራ ገበያ በርበሬ ከምትሸጠው ጎረቤታችን ተበድሬ ነው። ብሩን ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችኝ። «አብሽሪ» አለችኝና ስሜን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ባንኩ ያን ቀን እስኪዘጋ ሲስተሙ አልመጣም።